ምዕራፍ አምስት፦ በቀይ የተጻፉት ቀኖች

ጳጉሜ ላይ ከመንገድ ዳር የግድግዳ ካላንደር የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው በቀይ የተጻፉትን ቀኖች ነው። ገና ምን ቀን ዋለ? ዓድዋ ሰኞ ወይም ዓርብ ላይ ወድቆ ረዘም ያለ እረፍት ያመጣልን ይሆን? ከዚያ ዓይኑ ወደ ግርጌ ይወርዳል። እዚያ ኢድ አል ፈጥር፣ ኢድ አል አድሃና መውሊድ ከነቀናቸው ሰፍረዋል፤ ከሥራቸውም ቀኑ ጨረቃ በመታየቷ እንደሚወሰን የምታሳስብ አንዲት ትንሽ መስመር አለች። አታሚው ይህን የጻፈው ስንፍና ይዞት አይደለም። የማያውቀውን ቀን ቁርጥ አድርጎ መጻፍ ስለማይችል ነው።

በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤት የሚዘጋባቸው በዓላት አሥራ ሁለት ናቸው። እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ገና፣ ጥምቀት፣ ስቅለትና ፋሲካ አሉ። ሦስቱ የእስልምና በዓላት አሉ። ዓድዋ፣ የሠራተኞች ቀንና የአርበኞች ቀን ይከተላሉ። ፋሲካ መቼም ከእሑድ ውጪ ውሎ ስለማያውቅ ለቢሮ ሠራተኛ ሲቆጠር እንጂ ሲታረፍበት ያው ሰንበት ነው።

እነዚህን አሥራ ሁለት ቀኖች አንድ ላይ አስቀምጦ ላያቸው ሰው የሚገርም ነገር አላቸው። በየዓመቱ ወዲያና ወዲህ የሚሉት የሃይማኖት በዓላት አንዴ ከገቡ በኋላ የሻራቸው መንግሥት የለም። ቀናቸው የማይነቃነቅ የሚመስለው ብሔራዊ በዓላት ግን ሥልጣን በተለወጠ ቁጥር ይሻራሉ፣ ይተካሉ፣ ይዛወራሉ። ይህ ለምን እንደሆነ ለመረዳት መጀመሪያ ሰማዩን፣ ከዚያ ነጋሪት ጋዜጣን ማየት ያስፈልጋል።

አሥራ አንዱ ትርፍ ቀን

ከአዲስ ጨረቃ እስከ አዲስ ጨረቃ ሃያ ዘጠኝ ቀን ተኩል ያህል ነው። አሥራ ሁለት ወር ሲደመር 354 ቀን ይመጣል። የፀሐይ ዓመት ግን 365 ቀን ከሩብ ነው። በመካከል 11 ቀን ገደማ ይተርፋል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከዚሁ ትርፍ ጋር ይገናኛሉ፤ የሚለያዩት በትርፉ በሚያደርጉት ነገር ነው።

የሂጅራ አቆጣጠር ትርፉን እንዳለ ይተወዋል። ቁርአን በሱረቱ አት-ተውባ የወራትን ቁጥር አሥራ ሁለት ብሎ ደንግጓል፤ ከእስልምና በፊት ዐረቦች ያደርጉት የነበረውን ወር የማዘግየት ልማድም ከልክሏል። ስለዚህ ረመዳን በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ቀደም እያለ ይመጣል፤ በ33 ዓመት ገደማም ክረምቱንም በጋውንም አዳርሶ ወደ ተነሣበት ይመለሳል። በልጅነቱ በሐምሌ ዝናብ የጾመ ሰው በጎልማሳነቱ በጥር ብርድ ያፈጥራል።

ባሕረ ሐሳብ ያንኑ 11 ይዞ ሌላ መንገድ ይሄዳል። ትውፊቱ የእስክንድርያው ድሜጥሮስ ሥራ ነው ይላል። ትርፉን «ጥንተ አበቅቴ» ብሎ ይሰይመዋል፤ እያባዛ፣ በ30 እየገደፈ፣ ጨረቃ ከፀሐይ ምን ያህል እንደራቀች ይለካበታል። ዘዴው ከባድ ይመስላል እንጂ አንድ ዓመት ይዞ ቢሞክሩት የአንድ ሲኒ ቡና ጊዜ አይወስድም። የ2017ን እንሥራ። በዘመነ ብሉዩ 5500 ላይ 2017 ሲጨመር 7517 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 12 ይቀራል፤ አንዱን ለዘመን ትተን 11 እንይዛለን፤ ይህ ወንበር ነው። ወንበሩን በ11 ስናበዛው 121፣ በ30 ስንገድፈው 1፤ ይህ አበቅቴ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው ሁልጊዜ 30 ስለሚሆኑ መጥቅዑ 29 ነው ማለት ነው። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ የመጥቅዕ በዓል በመስከረም ይውላል፤ መስከረም 29 ቀን 2017 ረቡዕ ነበር፤ የረቡዕ ተውሳክ፣ ማለትም ለዕለቱ የሚታከለው ቁጥር፣ 4 ነው። 29 እና 4 33፤ 30ውን ስንጥል 3። ጾመ ነነዌ የካቲት 3 ገባች ማለት ነው። ከእርሷ በ14ኛው ቀን፣ የካቲት 17፣ ሁዳዴ፤ በ69ኛው ቀን፣ ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ። ዓመቱን ያስታወሰ አንባቢ እንዲያ እንደነበረ ያውቃል።

የዚህ ሁሉ ጥቅሙ ፋሲካ እንዳይሸሽ ነው። በ19 ዓመት ውስጥ 235 ጨረቃዎች ይወጣሉ፤ ያኔ ጨረቃና ፀሐይ ይታረቃሉ፤ ስሌቱም እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል። በዚህ ምክንያት ትንሣኤ ከመጋቢት 26 ቀድሞ፣ ከሚያዝያ 30 ዘግይቶ አይውልም። ረመዳን ዓመቱን ሙሉ ሲዞር ፋሲካ በሠላሳ አምስት ቀን አጥር ውስጥ ትመላለሳለች።

ገናም ቢሆን ብዙ ሰው እንደሚያስበው ፈጽሞ አይንቀሳቀስም ማለት አይደለም። ጳጉሜ ስድስት የሆነች እንደሆነ በሚቀጥለው ዓመት፣ ማለትም በዘመነ ዮሐንስ፣ ገና የሚከበረው ታኅሣሥ 29 ሳይሆን 28 ነው። በ2016 እንዲያ ነበር። ምክንያቱ ከመጋቢት 29 ፅንሰት እስከ ልደት የሚቆጠረው ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን እንዳይዛባ ነው። ጥምቀት ግን ጥር 11ን አይለቅም። ስለዚህ በዘመነ ዮሐንስ በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ በአንድ ቀን ይረዝማል፤ ጠላ ጠማቂዎች ይህን ከካላንደር አታሚዎች ቀድመው ያውቁታል ብዬ እገምታለሁ።

«ነገ ነው ወይስ ከነገ ወዲያ?»

ስሌት ያለው በዓል ለመንግሥት ይመቻል። ትምህርት ሚኒስቴር የፈተና ቀን ሲያወጣ የዛሬ አሥር ዓመቱን ስቅለት እንኳ ማወቅ ይችላል። ኢድ አል ፈጥር ግን እስከ ዋዜማው ምሽት ድረስ አይታወቅም። ረመዳን 29ኛው ቀን ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ጨረቃ ከታየች ኢድ ነገ ነው፤ ካልታየች ወሩ 30 ይሞላና ከነገ ወዲያ ይሆናል። ያን ምሽት በየቤቱ ቴሌቪዥንና ስልክ ይከፈታል፤ የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት መግለጫ ይጠበቃል። በግ ታስሯል፣ ልብስ ተተኩሷል፣ ቀኑ ብቻ ነው የቀረው። የባንክ ሠራተኛውም ሃይማኖቱ ምንም ይሁን ምን ነገ ሥራ ይግባ አይግባ የሚያውቀው ከዚሁ መግለጫ ነው።

አረፋ (ኢድ አል አድሃ) በዚህ ረገድ ይሻላል። በዓሉ የዙልሂጃ 10ኛ ቀን በመሆኑ ጨረቃዋ በወሩ መባቻ ከታየች በኋላ የመዘጋጃ ሳምንት ይተርፋል። ይህም ባይሆን ኖሮ የጉራጌና የስልጤ መንገደኛ ምን ይውጠው ነበር? የጉራጌ ክርስቲያን ለመስቀል አገር ቤት እንደሚገባ ሁሉ ሙስሊሙ ደግሞ ለአረፋ ይገባል፤ በሁለቱም ወቅት ወደ ቡታጅራ፣ ወደ ወልቂጤና ወደ ወራቤ መኪና ማግኘት ፈተና ነው። የአዲስ አበባ ሱቆችም ሁለት ጊዜ ተራ በተራ ይዘጋሉ። እንዲህ ያለው የንግድ መፈራረቅ፣ ክርስቲያኑ ሲሄድ ሙስሊሙ ከፍቶ፣ ሙስሊሙ ሲሄድ ክርስቲያኑ ከፍቶ መቆየቱ፣ በየትም አዋጅ አልተጻፈም።

ሁለቱ አቆጣጠሮች በተለያየ ፍጥነት ስለሚጓዙ አንዳንድ ጊዜ ይገናኛሉ። በ2016 መውሊድና የደመራ ምሽት አንድ ቀን፣ መስከረም 16፣ ዋሉ። በ2017 ሁዳዴ በገባ በዚያው ሳምንት ረመዳን ተከተለ፤ ሁለቱ ጾሞች ጎን ለጎን ሄዱ። እንዲህ ሲሆን ከተማው ጠባዩ ይለወጣል። የክርስቲያን ልኳንዳ ቤቶች ይዘጋሉ፤ በቀን ምግብ ቤቱ ይቀዘቅዛል፤ አመሻሽ ላይ ቴምርና ሳምቡሳ የሚሸጥበት ጥግ ሁሉ ይደምቃል። ሳምቡሳው የምስር ከሆነ ጿሚው ክርስቲያንም ይገዛል። ኢድ ሲደርስ ክርስቲያኑ ጎረቤት ገና ሁዳዴ ላይ ስለሆነ እንኳን አደረሳችሁ ለማለት ሲገባ የሚቀርብለት የጾም ነገር ነው።

ስለ ምግብ ካነሣን አይቀር፣ አብሮ የመብላት ወሬ ብዙ ጊዜ ተቀባብቶ ይነገራል። እውነቱ ይህ ነው፦ በኢትዮጵያ ክርስቲያንና ሙስሊም አንዱ ያረደውን ሥጋ ሌላው አይበላም። በዓልን አብሮ ማሳለፍ የሚቻለው ይህን ልዩነት በመርሳት ሳይሆን በማስተናገድ ነው። ባለጸጋ የሆነ ደጋሽ ለሙስሊም እንግዶቹ በግ ገዝቶ ራሳቸው እንዲያርዱ ይሰጣል፤ ድስቱም ምጣዱም ለብቻ ይሆናል። ወሎ ውስጥ ባልና ሚስት፣ ወንድምና እህት ሳይቀሩ ሃይማኖታቸው በተለያየባቸው ቤቶች ይህ ሥርዓት ከማንም ሳይማሩት ይታወቃል። እኔ ይህን ከአደባባይ የመቻቻል ንግግር ሁሉ አስበልጬ አየዋለሁ። ሁለት ድስት መጣድ ድካም አለው፤ ገንዘብም ያስወጣል።

አደባባይ ላይ ሲወጣ ነገሩ ይከብዳል። ጥምቀት ጃንሜዳ፣ ደመራ መስቀል አደባባይ፣ የኢድ ሶላት በአዲስ አበባ ስታዲየምና በዙሪያው ባሉ ጎዳናዎች ይከበራል። ከሶላቱ በኋላ ወይም ከጥምቀት በፊት የሌላው እምነት ወጣቶች መንገድ ሲያጸዱ አይተናል። በ2013 በመስቀል አደባባይ ሊደረግ የታሰበው የጎዳና ኢፍጣር ያስነሣውን ውዝግብም አይተናል። ሁለቱም የአንድ ከተማ ታሪክ ናቸው፤ አንዱን ብቻ የሚጽፍ ሰው ግማሹን ነው የሚነግረን።

ነጋሪት ጋዜጣ ምን ይላል?

እስከ 1966 ድረስ የኢትዮጵያ ሙስሊም በኢድ ቀን መሥሪያ ቤቱ ክፍት ነበር፤ ልጁም ትምህርት ቤት ይጠበቅ ነበር። በ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 126 የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ሃይማኖት ስለነበረች በዓላቱም የእርሷ ነበሩ፤ ከእነርሱ ጋር የንጉሠ ነገሥቱ የልደት ቀን ሐምሌ 16 እና የዘውድ በዓላቸው ጥቅምት 23 ይከበሩ ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ግን በልጅ እንዳልካቸው መኮንን አጭር የጠቅላይ ሚኒስትርነት ዘመን በአዲስ አበባ ታላቅ የሙስሊሞች ሰልፍ ተደረገ። የሰልፈኛው ቁጥር እስከ መቶ ሺህ ይገመታል፤ ክርስቲያኖችም አብረው ወጥተዋል። ሃይማኖትና መንግሥት ይለዩ፣ የእስልምና በዓላት በመላ አገሪቱ ይከበሩ የሚሉት ከጥያቄዎቹ መካከል ነበሩ።

ንጉሠ ነገሥቱ መልሱን ለመስጠት ጊዜ አላገኙም። ደርግ በ1967 ባወጣው የሕዝብ በዓላትና የዕረፍት ቀን አዋጅ ቁጥር 16 ሦስቱ የእስልምና በዓላት ከክርስቲያኖቹ ጎን ቆሙ። ሃይማኖትን የማይወድ መንግሥት የሃይማኖት በዓል ማብዛቱ ይገርማል። ምስጢሩ ግን ሩቅ አይደለም፤ አዲሱ ሥርዓት ከአሮጌው የተለየ መሆኑን በአንድ ወረቀት ለሚሊዮኖች ማሳየት የሚችልበት ከዚህ የረከሰ መንገድ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የመጡት መንግሥታት ሁሉ ሦስቱን ቀኖች ሳይነኩ አሳልፈዋል።

ብሔራዊ በዓላቱ እንዲህ ያለ ዕድል አልገጠማቸውም። ሚያዝያ 27ን እንያት። ጣሊያን በ1928 አዲስ አበባ የገባው በዚያች ቀን ነው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1933 የተመለሱት ቀን መርጠው በዚያችው ቀን ነው። ልክ አምስት ዓመት። ደርግ ቀኗ የንጉሡ መመለሻ ስለሆነች አልወደዳትም፤ የድል በዓሉን የጣሊያን ጦር ከተማዋን ወደ ለቀቀበት ወደ መጋቢት 28 አዛወረው። ደርግ ሲወድቅ በዓሉ ተመልሶ ሚያዝያ 27 ገባ። ስለዚህ አንድ አርበኛ በሕይወት ዘመኑ ለአንድ ድል ሦስት ጊዜ ቀን ሲቆረጥለት አይቷል።

ከዚህ የከፋው የመንግሥታት የልደት ቀን ነው። ንጉሡ ከዙፋን የወረዱበት መስከረም 2 ደርግ እስካለ ድረስ ከበዓላት ሁሉ የገነነ የአብዮት ቀን ነበር፤ መስቀል አደባባይም አብዮት አደባባይ ተብሎ ነበር። ዛሬ መስከረም 2 የእንቁጣጣሽ ማግስት ነው እንጂ ሌላ ምንም አይደለም። ኢሕአዴግ አዲስ አበባ የገባበት ግንቦት 20 በተራው ለዓመታት ሥራ ሲያዘጋ ቆየ፤ ከ2010 ለውጥ በኋላ ድምቀቱን አጣ። ከዚህ ታሪክ የተማረ መንግሥት ቢኖር የራሱን የድል ቀን በቀይ አይጽፍም ነበር።

ዓድዋ ብቻ ከዚህ ሁሉ ተርፏል። የካቲት 23ን ዘውዱም፣ ደርግም፣ ኢሕአዴግም፣ የአሁኑም መንግሥት አክብረውታል፤ እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ቢተረጉመውም። እንዳየሁት ምክንያቱ ድሉ የአንድ ሥርዓት ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ከየአካባቢውና ከየእምነቱ የዘመተ ሰው ስለነበረ ማንም ሊሽረው ቢነሣ የራሱን አያት ይሽራል።

በዓል ሆነው ሥራ የማያዘጉም አሉ። የካቲት 12 በስድስት ኪሎው የሰማዕታት ሐውልት ሥር የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል። ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦች ቀን፣ በጥቅምት የመጀመሪያው ሰኞ የሰንደቅ ዓላማ ቀን ነው። ሰሞኑን ደግሞ ለጳጉሜ ቀኖች ለእያንዳንዳቸው ስም ማውጣት ተለምዷል። ጥሩ ነው፤ ግን የትኛው ቀን የምን እንደነበረ ጥቅምት ላይ የሚያስታውስ ሰው ፈልጌ አላገኘሁም።

ከዝርዝሩ ውጪ የቀሩት

በ1999 የሕዝብ ቆጠራ ኦርቶዶክስ 43.5፣ ሙስሊም 33.9፣ ፕሮቴስታንት 18.6 ከመቶ ነበሩ። ፕሮቴስታንቶች ለብቻቸው የሚዘጋ ቀን የላቸውም፤ ገናንና ትንሣኤን በአገሩ ቀን ያከብራሉና ብዙም አልጠየቁም። የሲዳማ ፍቼ ጫምባላላ ቀኑ የሚወሰነው ከዋክብትን በሚያነቡ ሽማግሌዎች ነው፤ ዩኔስኮ በ2008 መዝግቦታል፤ አዲስ አበባ ላለ የሲዳማ ተወላጅ ግን የሥራ ቀን ነው። ኢሬቻ በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ከመስቀል ቀጥሎ ባለው እሑድ ይከበራል፤ እሑድ መሆኑ ጥያቄውን አቅልሎታል። የሐረሪዎች ሹዋሊድ ከረመዳን በኋላ ያለውን የስድስት ቀን ጾም መፈጸም ያበሥራል።

ሁሉንም በቀይ ቢጽፏቸው ሥራ መቼ ይሠራል? ጥያቄው ፌዝ አይደለም። ገበሬው በወር በወር በሚካኤል፣ በማርያም፣ በባለ ወልድ ሞፈር ስለማያነሣ በበዓል ብዛት ላይ የነበረው ክርክር አሮጌ ነው። ሌሎች አገሮች በየመንገዳቸው ሞክረዋል። ሲንጋፖር በ1960ዎቹ (እንደ አውሮፓ) በወጣ ሕግ በዓላቷን ቀንሳ 11 አደረገች፤ ሙስሊሞቹ መውሊድን፣ ሂንዱዎቹ ታይፑሳምን ተዉ። ሊባኖስ ሁለቱ እምነቶች ማርያምን ስለሚያከብሩ እንደ አውሮፓ በ2010 የብሥራትን ቀን፣ ማርች 25ን፣ የጋራ በዓል አደረገች። እስራኤል የቤተ እስራኤልን ስግድ እንደ አውሮፓ በ2008 በሕግ አውቃለች፤ ከጎንደር ተራሮች የተነሣ በዓል ዛሬ ኢየሩሳሌም ላይ ይከበራል።

ለእኛ የሚሻል የሚመስለኝ የህንድ መንገድ ነው። የማዕከላዊ መንግሥቱ ሠራተኛ ከሁሉም የጋራ በዓላት ሌላ፣ ከተዘጋጀ ረጅም ዝርዝር የሚስማሙትን ሁለት ቀን መርጦ ያርፋል። ቢሮው አይዘጋም፤ ሰውየው ግን በበዓሉ ቀን ከቤተሰቡ ጋር ነው። የፍቼን፣ የኢሬቻን፣ የሹዋሊድን ጥያቄ አዲስ ቀይ ቀን ሳይጨምር ይመልሳል። የገልፍ አገር አሠሪ ቤት ውስጥ ፋሲካን በሥራ የምታሳልፍ እህት ያለችው ሰው የአንዲት የተፈቀደች ቀን ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ይገባዋል።

አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ላይ ደግሞ ሰው ብዙ የማያስተውላት ነገር አለች፦ ሁለት በዓላት አንድ ቀን ላይ ቢውሉ ወይም በዓሉ በሳምንታዊ የዕረፍት ቀን ላይ ቢወድቅ የሚከፈለው የአንዱ ብቻ ነው። እሑድን የሚተካ ሰኞ የለም። አቆጣጠሮቹ ሲገናኙ ጨረቃ ያመጣችውን ኪሳራ የሚሸከመው ሠራተኛው ነው ማለት ነው።

መገናኘታቸውም አይቀርም። በ2024 ዓ.ም. ኢድ አል ፈጥር ጥር 5 ገደማ፣ በገናና በጥምቀት መካከል ይገባል፤ በ2025 ከገና ቀደም ብሎ ባሉት ቀኖች ውስጥ ይውላል። የመንፈቅ ዓመት ፈተና ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በዚያው ሰሞን ነው። የትምህርት ካላንደር የምታዘጋጁ ሰዎች ባሕረ ሐሳቡም የሂጅራው ስሌትም በእጃችሁ አለ፤ የፈተናውን ሳምንት ከአሁኑ አንሡት፣ ከኢድ በፊትና በኋላም አንድ አንድ ቀን ባዶ ተዉ።